ሩጫውን የፈጸሙት

ንባብ፦ ዕብ. 12፥1-13፤ 1ቆሮ. 9፥24-27፤ 2ጢሞ. 4፥6-8

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።



ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የክርስቲያንን ሕይወት በሩጫ መስሎ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የማያውቁትን ነገር አልነገራቸውም። በከተማቸው አጠገብ፣ ኢስትሚያ በምትባል ስፍራ፣ በየሁለት ዓመቱ ታላቅ ውድድር ይደረግ ነበር። ስለዚህ ሯጩ ሰውነቱን እንዴት እንደሚገታ፣ ከምን ከምን ነገር እንደሚከለከል፣ አሸንፎም የሚቀዳጀው አክሊል በጥቂት ቀን የሚጠወልግ የቅጠል ጉንጉን እንደ ሆነ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ሐዋርያውም ከሚያውቁት ተነሥቶ ወደማይጠወልገው አክሊል መራቸው።

እኛም በዚህ ትምህርታችን ከምናውቀው እንነሣ። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የወረደ፣ ወይም ከዛሪማ ወደ ደባርቅ የወጣ ሁሉ ሊማሊሞን ያውቃል። ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ ካለው ደጋ ተነሥቶ ወደ ዛሪማ ቆላ የሚወርደው የመኪና መንገድ በጣልያን ወረራ ዘመን ገደሉ ተጠርቦ የተሠራ ጠመዝማዛ ነው። ከዚያም በፊት ቢሆን ይህ አቀበት ከትግራይ ወደ ጎንደር የሚመጡ የሲራራ ነጋዴዎች ይወጡት የነበረ የጥንት መንገድ ነው። በመኪና የሚያልፍ ሰው የተራራውን ግርማ አይቶ ያደንቃል። ከዛሪማ ተነሥቶ በእግሩ የሚወጣው ግን ሌላ ነገር ይማራል። ጠዋት በብርታት ሲነሣ የተራራው ጫፍ ቅርብ ይመስለዋል። አንዱን ጠመዝማዛ ጨርሶ ደረስሁ ሲል ሌላ ጠመዝማዛ ከፊቱ ይቆማል። አቀበቱ አቀበትነቱን የሚያሳየው እኩሌታው ካለፈ በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ለመንገደኛው የሚያስፈልገው ስንቅ፣ ጽኑ ልብና አብሮት የሚሄድ ሰው ነው። ያገራችን ሰው በአቀበት ላይ ያገኘውን መንገደኛ፣ ስሙን ባያውቀውም እንኳ፣ «አይዞህ፣ በርታ» ሳይለው የማያልፈው ይህን ስለሚያውቅ ነው።

ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ

ሊማሊሞን በእግሩ ለወጣ ሰው የማራቶን ሩጫ እንግዳ አይሆንበትም። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። የሰው ሰውነት በጡንቻውና በጉበቱ ውስጥ ያከማቸው ኃይል ሰጪ ስኳር አብዛኛውን ጊዜ የሚበቃው እስከ 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ ሰውነት ስቡን እያቃጠለ መሄድ አለበት፤ ይህም ኃይል የሚገኘው በዝግታ ነው። እግር እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ ጡንቻ ይሸማቀቃል፤ ሐሳብም «ይበቃሃል፣ ማንም አይወቅስህም» እያለ ይከራከራል። ሯጮች ይህን ሰዓት በግድግዳ ይመስሉታል፤ መንገዱ ክፍት ሳለ ሰውየው ከግድግዳ ጋር የተጋጨ ያህል ይሰማዋልና።

ይህ መከራ በታላላቆቹ ሯጮች ብቻ የሚደርስ አይደለም። እንዲያውም ከዕለት ሥራው በተረፈችው ጊዜ የሚለማመደው ተራ ሯጭ የሚጸናበት ሰዓት ይረዝማል። አሸናፊው ከሁለት ሰዓት ጥቂት አልፎ ሲያርፍ፣ እርሱ አራትና አምስት ሰዓት በመንገድ ላይ ይቆያል። የሚጠብቀው ሜዳልያ የለም፤ ስሙን የሚጠራ የለም፤ የመጨረሻውን መስመር ሲያልፍ ከሕዝቡ ብዙው ወደ ቤቱ ሄዷል። እንግዲህ ከእኛ የሚበዛው የሚመስለው ይህን ሰው ነው።

በመንፈሳዊ ሕይወታችንም የሚሆነው እንዲሁ አይደለምን? ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ በዘወረደ ሳምንት፣ ሁላችንም ብርቱዎች ነን። ቤተ ክርስቲያኑ ይሞላል፤ የንስሐ ተራ ይረዝማል። ደብረ ዘይት ላይ፣ ጾሙ ሲጋመስ፣ ወንበሩ መሳሳት ይጀምራል። ጋብቻም እንዲህ ነው፤ የሠርጉ ቀን እልልታ ሃያ ዓመት አያደርስም። ክህነትና ምንኩስናም እንዲሁ ነው። ለሕፃናት ትምህርተ ክርስቶስ ሊያስተምር በደስታ የጀመረ ወጣትም በሦስተኛው ዓመት፣ ከሠላሳው ተማሪ ስድስቱ ብቻ ሲቀሩለት፣ በዚያ ግድግዳ ፊት ይቆማል። መጀመር ደስታ አለው፤ መጨረስም ክብር አለው፤ በመካከል ያለው መንገድ ግን ብዙ ጊዜ ተመልካች የለውም።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም.

ይህን በምሳሌ እንድንረዳው በሜክሲኮ ከተማ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. የተደረገውን የኦሊምፒክ ማራቶን እናስታውስ። በዚያ ዘመን የኦሊምፒክ ሕግ ሩጫን መተዳደሪያው ያደረገ ሰው እንዲወዳደር አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ ለውድድሩ የተሰለፉት ሁሉ እንጀራቸው በሌላ ሥራ የሆነ ሰዎች ነበሩ። የእኛዎቹ አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴም የክብር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ። ከተማዪቱ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ላይ ያለች በመሆኗ፣ በእያንዳንዱ እስትንፋስ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሩብ ያህል ያንሳል። ለደባርቅ ሰው ይህ ከፍታ ዝቅታ ነው፤ ከቆላ አገር ለመጡት ግን ብርቱ ፈተና ነበር። ውድድሩ የተጀመረውም ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ነበር።

በዚያ ቀን ከሮጡት መካከል ሦስቱን እንመልከት።

የመጀመሪያው አበበ ቢቂላ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በሮም ጎዳናዎች ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላም በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት 40 ቀን እንኳ ሳይሞላው፣ ዳግመኛ አሸነፈ። ከእርሱ በፊት ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የኦሊምፒክ ሯጭ አልነበረም። በሜክሲኮ ግን እግሩ ታምሞ ነበርና 16 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ አቋረጠ። ዓለም የሚያውቀው ጀግና በመንገዱ ዳር ቀረ።

ሁለተኛው ማሞ ወልዴ ነው። ዕድሜው 36 ዓመት ነበረ። በዚያው ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ሁለተኛ ሆኖ ነበር፤ ማራቶኑንም በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰኮንድ አንደኛ ሆኖ ፈጸመ። ከእርሱ ቀጥሎ የገባው ጃፓናዊ የደረሰው ከሦስት ደቂቃ በኋላ ነው። ነገር ግን ይህንን ድል የሚያስታውሱ ብዙዎች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ይህ ማሞ ከአራት ዓመት በፊት በቶኪዮ ማራቶን ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ነበር። ያን ጊዜ ያቋረጠው ነው በሜክሲኮ አክሊሉን የተቀበለው። ከዚያም ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ40 ዓመቱ፣ በሙኒክ ሦስተኛ ሆኖ የነሐስ ሜዳልያ አገኘ።

ሦስተኛው ጆን ስቲቨን አክዋሪ የተባለ የታንዛንያ ሯጭ ነው። በመንገዱ እኩሌታ አካባቢ፣ ሯጮች ለቦታ ሲጋፉ ወደቀ። ጉልበቱ ቆሰለ፤ ከመገጣጠሚያውም ተናጋ፤ ትከሻውም ተመታ። እግሩን በፋሻ አሥረውለት እያነከሰ ጉዞውን ቀጠለ፤ አንድ ጊዜ ይሮጣል፣ አንድ ጊዜ ይራመዳል። ማሞ ወልዴ ከገባ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ ወደቀረበት ስታዲዮም ደረሰ። የቀረው ሕዝብም ቆሞ እያጨበጨበ ተቀበለው። ሰዓቱ 3 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ከ27 ሰኮንድ ነበር፤ ሩጫውን ከፈጸሙት 57 ሰዎችም 57ኛው እርሱ ነበር። ጤነኛ ሆነው ከጀመሩት ውስጥ ብዙዎች አቋርጠዋል። ስለ ምን እንደ ጸና በተጠየቀ ጊዜ፣ አገሩ ያን ያህል ርቀት የላከችው ሩጫውን እንዲጀምር ሳይሆን እንዲፈጽም መሆኑን በሚገልጽ ቃል መለሰ። አክዋሪ ችሎታ የጎደለው ሯጭ አልነበረም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በኤድንበርግ በተደረገው የጋራ ብልጽግና አገሮች ውድድር በማራቶን አምስተኛ ሆኗል። ዓለም እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው ግን በመጨረሻነቱ ነው።

ከእነዚህ ሦስት ሰዎች ለነፍሳችን የሚሆን ሦስት ትምህርት እንውሰድ።

አንደኛ፦ ጽንዓት ጸጋ ነው

የላከን ጌታ እንድንጀምር ብቻ አልላከንም። በጥምቀት ቀን የተቀበልነው ነጭ ልብስ እስከ መጨረሻው ልንጠብቀው የተሰጠን ነው። ጌታችን የሚድነው እስከ መጨረሻ የሚጸና እንደ ሆነ አስተምሮናል (ማቴ. 24፥13)። ይህን የሚሰማ ሰው ግን ወደ ሁለት ስሕተት ሊሳብ ይችላል። አንዱ «በጉልበቴ እጸናለሁ» ማለት ነው፤ ሌላው «ጉልበት የለኝምና አልጸናም» ማለት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ለሁለቱም መልስ አላት። አፍሪካዊው ሊቅ ቅዱስ አውግስጢኖስ በሕይወቱ ፍጻሜ አካባቢ ስለ ጽንዓት ስጦታ አንድ መጽሐፍ ጽፏል፤ የመጽሐፉ መልእክትም እስከ መጨረሻ መጽናት ራሱ ከእግዚአብሔር የሚገኝ ስጦታ ነው የሚል ነው። የትሬንቶ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1547 ዓ.ም. ይህንኑ አጸና። ማንም ሰው እስከ ፍጻሜ እንደሚጸና በራሱ ተማምኖ እርግጠኛ ሊሆን አይገባውም፤ ሁሉም ግን ተስፋውን በእግዚአብሔር ረድኤት ላይ ሊጥል ይገባዋል። የጀመረውን መልካም ሥራ የሚፈጽመው እርሱ ነውና (ፊል. 1፥6)።

እንግዲህ ጽንዓት ጸጋ ከሆነ በጸሎት ይለመናል ማለት ነው። የዕለት እንጀራችንን እንደምንለምን የዕለት ጽንዓታችንን እንለምን። አቀበት የሚወጣ ሰው ሙሉውን ተራራ በልቡ ተሸክሞ አይሄድም፤ የሚቀጥለውን እርምጃ ይራመዳል። ኃጢአትን ለመተው የሚታገል ሰውም «እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ እንዴት እችላለሁ?» እያለ ራሱን አያስጨንቅ፤ «ዛሬን አጽናኝ» ይበል። ነገም ዛሬ ይሆናል፤ በዚያም ቀን እግዚአብሔር አለ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ጽንዓት ማለት በደዌ ላይ ደዌ መጨመር ወይም ግፍን ዝም ብሎ መሸከም አይደለም። የታመመ ይታከም፤ የደከመ ይረፍ፤ የሚደበደብና የሚበደል ሰው ለሚረዳው ይናገር፤ ቁምስናም ትስማው። የምንጸናበት ነገር ፍቅርና እምነት ነው፤ መከራ ራሱ ግባችን አይደለም።

ሁለተኛ፦ ያቋረጠ ሰው ታሪኩ አልተዘጋም

ወገኖቻችን ሆይ፣ ይህን ክፍል በተለይ እንድታስቡበት እንለምናችኋለን። በየቁምስናችን ያቋረጡ አሉ። ከቅዳሴ ከቀሩ ዓመታት ያለፏቸው፣ ከተጣሉት ወንድማቸው ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን መቆም ከብዷቸው የቀሩ፣ በትዳራቸው መፍረስ አፍረው የራቁ፣ በስደት አገር ሥራና ብቸኝነት ያደከሟቸው፣ በጦርነቱ ጊዜ ልጅ ወይም ቤት አጥተው በእግዚአብሔር ላይ ያዘኑ አሉ። እኛ ስለ እነርሱ ስንናገር «እገሌማ ትቷል» ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን።

አበበ ቢቂላ በሜክሲኮ ስላቋረጠ አበበነቱ አልቀረም። እንዲያውም የከበደው ፈተና የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያው በ1961 ዓ.ም.፣ በመጋቢት ወር፣ በመኪና አደጋ ተጎድቶ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በዓለም በእግሩ የታወቀ ሰው ዳግመኛ ላይራመድ ሆነ። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር ለሕክምና በቆየበት በስቶክ ማንደቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እስካረፈበት ቀን ድረስ ሌላ ዓይነት ሩጫ ይሮጥ ነበር ማለት ነው። የማሞንም ታሪክ አስቀድመን ተናግረናል፤ በቶኪዮ ያቋረጠው ማሞ በሜክሲኮ አሸናፊ ሆኗል።

ቅዱስ ጴጥሮስን እናስብ። በሊቀ ካህናቱ ግቢ በእሳቱ ዳር ሦስት ጊዜ ካደ፤ ሩጫውን አቋረጠ። ከትንሣኤ በኋላ ጌታ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር እንደ ገና እሳት አንድዶ ቁርስ አዘጋጅቶ ጠበቀው (ዮሐ. 21)። ስለ ክሕደቱ አልዘለፈውም፤ ይወደው እንደ ሆነ ሦስት ጊዜ ጠየቀው፤ በጎቹንም አደራ ሰጠው። ጴጥሮስ የወደቀው በእሳት ዳር ነበር፤ የተነሣውም በእሳት ዳር ነው። ለእኛ ያ የባሕር ዳር እሳት ምሥጢረ ንስሐ ነው። ለብዙ ዓመት የቀረ ሰው ወደ ንስሐ ቢመጣ፣ ከየት ልጀምር ብሎ አይፍራ። ካህኑ ይረዳዋል፤ አንድ እርምጃ ይበቃል። አባቱስ ከሩቅ አይቶት እየሮጠ የመጣ አይደለምን? (ሉቃ. 15፥20)። ልጁ እየተራመደ ሲመጣ የሮጠው አባት ነው።

ሦስተኛ፦ በሜዳው የቆዩት

በሜክሲኮ ስታዲዮም ሌላ ወገን ደግሞ ነበረ። ሜዳልያው ለማን እንደ ሆነ ከታወቀ በኋላ ብዙው ሕዝብ ሄደ፤ የሚታይ ነገር ያለቀ መሰለው። ጥቂት ሺህ ሰዎች ግን ቆዩ። አክዋሪ እያነከሰ ሲገባ ቆመው የተቀበሉት እነርሱ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን የምትመስለው፣ ልትመስልም የሚገባት፣ እነዚህን ሰዎች ነው።

ከላይ ያመለከትነው የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 12 ብዙ ጊዜ የሚነበበው እስከ ሁለተኛው ቁጥር ነው። በዚያ ምስክሮች እንደ ደመና እንደከበቡን፣ የሚከብደንን ሸክም ጥለን ኢየሱስን እያየን እንድንሮጥ ይነገረናል። ወደ ቁጥር 12 እና 13 ስንወርድ ግን ሌላ ትእዛዝ እናገኛለን። የዛሉትን እጆችና የላሉትን ጉልበቶች እንድናቀና፣ አንካሳው ይፈወስ ዘንድ እንጂ እንዳይናጋ ለእግራችን ቀና መንገድ እንድናደርግ ያዝዛል። ይህ ቃል የተነገረው ለአንካሳው ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ ጋር ለሚጓዙት ሁሉ ነው። መንገዱን ማቅናት የጤነኞቹ ግዴታ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ በውድድር ሽልማቱን የሚቀበል አንድ ብቻ እንደ ሆነ ሲያስታውሰን (1ቆሮ. 9፥24)፣ ባልንጀራችንን ቀድመን እንድናሸንፍ የሚመክር ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን በእስር ቤት ሆኖ፣ ሞቱ በቀረበ ጊዜ፣ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የጽድቅ አክሊል ለእርሱ ብቻ እንዳልተዘጋጀ፣ የጌታን መገለጥ ለሚወዱ ሁሉ እንደ ሆነ ይመሰክራል። እንግዲህ ከመጀመሪያው ሯጭ ትጋቱን እንወስዳለን፤ አክሊሉ ግን ለ57ኛውም አለ።

በፍኖተ መስቀል ጸሎታችን ጌታችን ሦስት ጊዜ ሲወድቅ እናስባለን፤ በሦስተኛው፣ በሰባተኛውና በዘጠነኛው ምዕራፍ። ጉልበቱ የቆሰለ ሯጭ ሁሉ በዚያ ጓደኛ አለው። በአምስተኛው ምዕራፍ ደግሞ ስምዖን ቀሬናዊ መስቀሉን ያግዘዋል። ይህ ሰው የመጣባት ቀሬና በእኛው ክፍለ ዓለም፣ በአፍሪካ፣ በዛሬዪቱ ሊቢያ የነበረች ከተማ ናት። የዓለም መድኃኒት ራሱ በመንገዱ ላይ ሰው እንዲያግዘው ከፈቀደ፣ ከእኛ መካከል ብቻውን ሊጨርስ የሚችል ማን ነው? በመጻጉዕ እሑድ የሚነበበው የ38 ዓመት በሽተኛ ያስለቀሰው ሕመሙ ብቻ አልነበረም፤ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው አለማግኘቱ ነበር (ዮሐ. 5፥7)። በየቁምስናችን እንዲህ የሚል ሰው ቢኖር ጥያቄው ለእኛ ነው።

በዚህ አገር የሮጡ አባቶቻችን

በዚህ መንገድ ከእኛ በፊት ሮጠው ያለፉ አሉን። ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ ይለው የነበረው ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ እ.ኤ.አ. በ1839 ዓ.ም. ወደ አድዋ መጣ፤ በጎንደርም እስራት ተቀበለ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 1860 ዓ.ም. ያረፈው በቤት ሳይሆን በጉዞ ላይ፣ በሸለቆ ውስጥ ነው። ደቀ መዝሙሩ ብፁዕ ገብረ ሚካኤል በጎጃም ተወልዶ በጎንደር ከሊቃውንቱ ጋር ያደገ፣ አንድ ዓይኑን በልጅነቱ ያጣ፣ እውነትን ፍለጋ እስከ ሮም የተጓዘ መነኩሴ ነበር። በእርጅናው ስለ እምነቱ በጎንደር ታስሮ፣ በሰንሰለት እንደ ታሰረ ከሚጓዘው ሠራዊት ጋር እየተወሰደ፣ እ.ኤ.አ. በ1855 ዓ.ም. በመንገድ ላይ ዐረፈ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1926 ዓ.ም. ብፁዕ ብለው አወጁት።

ሁለቱም የድካማቸውን ፍሬ በዓይናቸው አላዩም። በሰው ሚዛን ሲታይ መንገዳቸው በእኩሌታው የተቋረጠ ይመስላል። በእግዚአብሔር ዘንድ ግን ሩጫ መፈጸም ማለት ፍሬውን ማየት አይደለም፤ እርሱ በጠራበት ሰዓት በመንገዱ ላይ መገኘት ነው። በገብር ኄር እሑድ የምንሰማው ምሳሌም ይህንኑ ያስተምረናል፤ ሁለት መክሊት ያተረፈውና አምስት ያተረፈው የተመሰገኑት በአንድ ቃል ነው (ማቴ. 25፥21-23)።

ምን እናድርግ?

ይህን ሁሉ ሰምተን ባዶ እጃችንን እንዳንመለስ በዚህ የሦስት ወር ጊዜ ውስጥ ልንፈጽማቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮችን እናስቀምጥ።

ቤተ ሰብ ሁሉ በማታ ጸሎቱ ለጽንዓት አንድ «አባታችን ሆይ» ይጨምር። እሑድ እሑድ ቅዱስ ቁርባንን እንደ ስንቅ እንቀበል፤ ቤተ ክርስቲያን ለሚሞት ልጇ የምትሰጠውን የመጨረሻ ቁርባን የመንገድ ስንቅ ብላ መጥራቷ በከንቱ አይደለም። ለረጅም አቀበት ስንቅ ሳይዙ መነሣት ድፍረት ነው።

እያንዳንዳችን ከቀሩት ወገኖቻችን አንድ ሰው በስሙ እናስብ፤ ቤቱም እንሂድ። ለምን ቀረህ ብለን አንመርምረው፤ ጤንነቱን እንጠይቅ፣ ቡናውን እንጠጣ፣ ችግሩን እንስማ። ሊመለስ በሚፈልግበት ቀን በሩን የሚያውቅለት ሰው እንሁን። ሲመለስም «ዛሬ ፀሐይ ከየት ወጣች?» እያልን አናሳፍረው። ዘግይቶ ለሚገባ ሰው የሚገባው ጭብጨባ ነው፤ የእኛ ጭብጨባ ደግሞ አጠገባችን ቦታ መልቀቅ ነው።

ውድ ካቴኪስቶች፣ የተማሪው ቁጥር ሲያንስ፣ መጽሐፍ ሲጠፋ፣ ለደከማችሁት የሚያመሰግን ሲታጣ፣ እናንተ በ30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ናችሁ። ያ ሰዓት የጥሪያችሁ ማብቂያ ምልክት አይደለም፤ ብዙዎች ቅዱሳን ያለፉበት ስፍራ ነው። ብቻችሁን አትለፉት። ለቆሞሳችሁ ንገሩ፤ በአቅራቢያ ካሉ ባልንጀሮቻችሁ ጋር በወር አንድ ጊዜ ተገናኙና ተጸልያችሁ ተመካከሩ። ቁምስናዎችም ካቴኪስታቸው የሚጓዝበትን መንገድና የሚበላውን እንጀራ የእነርሱ ጉዳይ አድርገው ይያዙት።

ሊማሊሞን ስትወጡ ወይም ወደ ዛሪማ ስትወርዱ፣ ሸክም የከበደውን መንገደኛ ባያችሁ ጊዜ «አይዞህ» ማለት ልማዳችሁ እንደ ሆነ፣ በእምነት አቀበት ላይ የቀረውንም እንዲሁ በሉት። ቃሉ አጭር ነው፤ የደከመውን ግን እስከሚቀጥለው ጠመዝማዛ ያደርሰዋል።

እንጸልይ። የእምነታችን ጀማሪና ፈጻሚ የሆንህ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፣ ለሚሮጡት ትሕትናን፣ ለወደቁት መነሣትን፣ ላቋረጡት የመመለስን ተስፋ ስጣቸው። የላሉትን ጉልበቶቻችንን አጽና። ሁላችንም፣ ቀድመን የደረስነውም ዘግይተን የምንገባውም፣ በአንተ ቤት እንድንገናኝ አድርገን። በእመቤታችን በቅድስት ድንግል ማርያም፣ በቅዱስ ዮስጢኖስና በብፁዕ ገብረ ሚካኤል አማላጅነት፤ ለዘለዓለሙ፣ አሜን።